ዳገት ላይ የምታቃጭለው ዲኤክስ

ጡረታ በወጣሁ ቀን ስለ እኔ የተነገረው ሁሉ ከሰሚዎቹ ጆሮ ተመልሶ ቢወጣልኝ ደስ ባለኝ። ጉርድ ሾላ አጠገብ ካለ አንድ ሥጋ ቤት ጓሮ የጋራዡ ሰዎች ተሰብስበው፣ ጥብስ አዝዘው፣ ሹራብ ገዝተው ሸኙኝ። ከመካከላቸው አንዱ ብርጭቆውን ይዞ ተነሣና ‹‹ጋሽ ግርማ በሠላሳ ስድስት ዓመት ውስጥ አንድ ደንበኛ አላታለለም፤ ያልሠራውን ሠራሁ፣ የሠራውን አልሠራሁም አላለም›› አለ። ሁሉም አጨበጨቡ። እኔ አንገቴን ደፍቼ እጅ ነሣሁ። ትሕትና መስሏቸው ጭብጨባው ጨመረ። ቤቴ ስገባ ባለቤቴ ‹‹ምነው ፊትህ እንዲህ ሆነ?›› ብትለኝ ጥብሱ አልተስማማኝም አልኳት።

ጥብሱስ ተስማምቶኝ ነበር። ያልተስማማኝ ‹‹የሠራውን አልሠራሁም አላለም›› የሚለው ነው። ብያለሁ። አንድ ጊዜ፣ በአንዲት መኪና ምክንያት፣ የሠራሁትን አልሠራሁም ብያለሁ፤ ሌላ ሰው ጥፋቴን ተሸክሞ ሲሄድም ቆሜ አይቻለሁ። ይህን የምጽፈው ስለዚያ ነው፤ ግን መካኒክ ነኝና ከሥር ከሥሩ ካልጀመርኩ አይሆንልኝም።

ሥራ የጀመርኩት በሃያ አራት ዓመቴ በአንድ የመንግሥት ጋራዥ ነው። ኃላፊያችን እጁን ከእስክሪብቶ ቀለም ሌላ ነገር ነክቶት የማያውቅ ሰው ነበር፤ ኮፈን ሲከፈት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ይላል። ደመወዙ ለቤት ኪራይና ለአስቤዛ ይበቃ ነበር፣ የሥራ ማዘዣው በሦስት ኮፒ ይሞላ ነበር፤ ስለሁለቱም ከዚህ ሌላ የምለው የለኝም። ከዚያ አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ገብቼ ሦስት ዓመት ናፍጣ ናፍጣ ሸተትኩ። ሙያ የተማርኩት ግን ሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ኮተቤ መንገድ ዳር በነበረው በጋሽ ቱሉ ጋራዥ ነው። ዛሬ የዚያ ግቢ ግማሹ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ ማድረጊያ ሆኗል። መኪኖቹ ድምፅ የላቸውም። ሰው ገብቶ ይሰካል፣ ስልኩን ያያል፣ ነቅሎ ይሄዳል።

ጋሽ ቱሉ እዚያው የካ ተወልደው ያደጉ፣ አባታቸው ገብስ ሲያርሱ የኖሩ ሰው ነበሩ። በአማርኛ ያስተምራሉ፣ ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ ይዞራሉ፤ ስለዚህ እኔ ኦሮምኛ የለመድኩት ስሰደብ ነው። በከተማው ስማቸው የሚነሣው በጆሯቸው ነበር። በተለይ በአንድ የመኪና በሽታ። የቤንዚን መኪና ዳገት ላይ ወይም ፍጥነት ልትጨምር ነዳጅ ሲረገጥላት፣ ከሞተሯ ውስጥ ቅጭል ቅጭል የሚል ቀጭን ድምፅ ይሰማል፤ እግር ሲነሣ ይጠፋል። እኛ ‹‹ታቃጭላለች›› እንላለን። ብዙ ሹፌር ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ መኪናዋ ትሄድለታለች። ውስጥ ግን ቤንዚኑ ያለ ሰዓቱ እየፈነዳ ላይ ታች የሚመላለሰውን ፒስተን ራሱን እየቀጠቀጠ ነው።

ጋሽ ቱሉ እንዲህ ያለች መኪና ስትመጣ ኮፈን አይከፍቱም። መጀመሪያ ባለመኪናውን ‹‹የት የት ትሄዳለች?›› ብለው ይጠይቁታል። አዲስ በነበርኩ ጊዜ ይህ ጥያቄ ያስቀኝ ነበር፤ የታመመችው እዚህ ቆማ እያየናት የምትሄድበት ምን ያደርጋል እላለሁ። ከዚያ እኔን መሪ ላይ ያስቀምጡና፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አድርገው በፈረንሳይ ሰፈር በኩል ወደ እንጦጦ እንወጣለን። አንድ ረጅም የድንጋይ አጥር ያለበት ዳገት ነበራቸው። ‹‹ተጠጋው፣ ተጠጋው። በሦስተኛ ማርሽ ያዝና ቀስ ብለህ ርገጥ›› ይሉኛል። ሜዳ ላይ የሚበተነው ድምፅ እዚያ ከአጥሩ ነጥሮ በመስኮት ይገባል። ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ቆመው ያዩን ነበር፤ አንዷ እንዲያውም ‹‹እነዚህ ሰዎች ከአጥሩ ጋር ምን ጠብ አላቸው?›› ስትል ሰምቻለሁ።

ስንመለስ ምርመራው ይጀመራል። ራዲያተሩን በመዳፋቸው ከላይ እስከ ታች ይዳስሱታል። አንድ ጊዜ ሰው ሁሉ ቤንዚኗን ሲረግም የከረመች ሚኒባስ መጣች። ጋሽ ቱሉ መዳፋቸውን ራዲያተሩ ላይ አድርገው እኩሌታው ትኩስ፣ እኩሌታው ቀዝቃዛ ሆኖ አገኙት፤ በዝገት ተደፍኖ ሞተሩ ይግል ነበር። ቤንዚኑ ለካ ንጹሕ ነበር። ከራዲያተር ቀጥሎ ቤንዚኑን የሚለኩሰው ካንዴላ ይፈታል፤ ጫፉ ነጭ ሆኖ ከነደደ ውስጡ ከመጠን በላይ ሞቋል ማለት ነው። ቀጥሎ ቤንዚኑን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ ያደርጉና ፀሐይ ላይ ያሰጡታል። ንጹሕ ቤንዚን ምልክት ሳይተው ይደርቃል፤ ላምባ የተቀላቀለበት ግን ቅባቱን ጨርቁ ላይ ይተዋል።

ታይሚንግ መጨረሻ ላይ ነው። ታይሚንግ የምንለው ካንዴላው እሳት የሚረጭበትን ቅጽበት ነው፤ በድሮ መኪኖች ላይ ዲስትሪቡተር የሚባለውን ዕቃ በእጅ ወዲያና ወዲህ በማዞር ይስተካከላል። ጋሽ ቱሉ ከማዞራቸው በፊት በምስማር ጫፍ ቀጭን መስመር ይጭራሉ፤ ግማሹ ዲስትሪቡተሩ ላይ፣ ግማሹ ሞተሩ ላይ። ‹‹ነገ ልመልሰው ብትል ከየት ታገኘዋለህ?›› ይሉኛል። ከዚያ የጥፍር ውፍረት ያህል ያዞራሉ። ከዚያ አይበልጥም።

የዚያ ‹‹የት የት ትሄዳለች?›› ትርጉም የገባኝ ቆይቶ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ናት፤ እንጦጦ ደግሞ ይብሳል። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተር ጉልበት ያጣል። የእኛ ከተማ መካኒክ ለዚህ መላ አለው፤ ታይሚንጉን ወደፊት ያመጣዋል፣ እሳቱ ቀደም ብሎ ይረጫል፣ መኪናዋ ዳገቱን ትበላዋለች። እዚህ ደጋ ላይ ብዙም አያቃጭልም። ያቺው መኪና ወደ ቆላ ስትወርድ ግን አየሩ ይወፍራል፣ ሙቀቱ ይጨምራል፤ እንጦጦ ላይ መድኃኒት የነበረው እዚያ መርዝ ይሆናል። ስለዚህ ጋሽ ቱሉ ባለመኪናው ቆላ የሚወርድ ከሆነ ታይሚንጉን አይነኩም ነበር። ‹‹እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ውጣ›› ብለው ይሸኙታል።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጋሽ ቱሉ አርጅተው፣ ጠዋት ጠዋት እየመጡ በር ላይ ፀሐይ መሞቅ ብቻ ሆነ ሥራቸው። ዋናው መካኒክ እኔ ሆንኩ። ስሜ ወጣ፤ ሰው ከሲኤምሲም ከመገናኛም እኔን ብሎ መምጣት ጀመረ። እኔም ልቤ አበጠ። ያበጠው ልቤ የመጀመሪያ ምልክት ያን ጥያቄ መተዌ ነው። ባለመኪናን መጠየቅ፣ ሙያ የማያውቅ ሰው ሥራ መሰለኝ።

በዚያ ሰሞን ቶሎሳ የሚባል ሹፌር አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ይዞ መጣ። መኪናዋ የእትዬ አስካለ ናት፤ እትዬ አስካለ ኮተቤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩ ጡረተኛ ነበሩ። ቶሎሳ ከአያት ሰፈር ወዲያ ገበሬ ነበር። መሬቱ ለግንባታ ሲሄድ በአርባ ዓመቱ መንዳት ተምሮ መንጃ ፈቃድ አወጣ። እትዬ አስካለ የመጀመሪያ ቀጣሪው ናቸው። መንጃ ፈቃዱን በላስቲክ ጠቅልሎ በደረት ኪሱ ነበር የሚይዘው።

‹‹ጋሼ፣ እንጦጦ ስንወጣ ጉልበት አነሳት›› አለኝ። ‹‹እትዬ በየወሩ ማርያምን መሳለም ይፈልጋሉ፤ ባለፈው ሰው ገፍቶልን ነው የወጣነው።››

‹‹ጣጣ የለውም። ዛሬ በርራ ነው የምትወጣው።››

በምስማር መስመሩን ጫርኩ፤ እሱን እንኳ አልረሳሁም። ከዚያ ዲስትሪቡተሩን ጋሽ ቱሉ ከሚያዞሩት እጥፍ አዞርኩት። የት የት ትሄዳለች አላልኩም። ዳገት አውጥቼ ሞከርኳት፤ በእርግጥም በረረች። ቶሎሳ አጠገቤ ተቀምጦ እንደ ልጅ ሳቀ፤ እኔም ሳቁን ለራሴ ሽልማት አድርጌ ወሰድኩት።

በዐሥረኛው ቀን ተመልሶ መጣ። ሁለት አዳዲስ ደንበኞች አጠገቤ ቆመው ነበር፤ ስለ ራሴ እያወራሁላቸው ነበር ብል ይቀላል።

‹‹ጋሼ፣ ጉልበቷ ጥሩ ነው፤ ግን ስረግጣት ታቃጭላለች›› አለ።

‹‹ምን?››

‹‹ቅጭል ቅጭል ትላለች። ቀጭን ድምፅ ነው። እግሬን ሳነሣ ይተዋታል።››

የበሽታውን ስም ከነምልክቱ ነበር የነገረኝ። ከመካኒክ የተሻለ ገለጻ። እኔ ግን ወደ ሁለቱ ሰዎች ዞሬ ‹‹ቶሎሳ፣ መንዳት የጀመርከው መቼ ነው?›› አልኩት። ሰዎቹ ሳቁ። ፊቱ ቀላ።

‹‹እኔማ አዲስ ነኝ ጋሼ። ድምፁን ሰምቼ ነው እንጂ…››

‹‹የጉልበት ድምፅ ነው። ጉልበት የጠየቅከኝ አንተ አይደለህም እንዴ?››

‹‹እሱስ ነው። ሩቅ መንገድ አለብን ብዬ ነው።››

‹‹ከፈለግህ ጅቡቲ ድረስ ውሰዳት!››

ሰዎቹ እንደገና ሳቁ። ቶሎሳ ‹‹እሺ ጋሼ›› ብሎ ወጣ። ከግቢው ወጥቶ ወደ ዋናው መንገድ ሲረግጣት ድምፁን ሰማሁት። ጥርት አድርጌ ነው የሰማሁት፤ ቅጭል ቅጭል። አንድ ጊዜ ‹‹ቶሎሳ!›› ብዬ ብጠራው ይቆም ነበር። ሁለቱ ሰዎች እያዩኝ ነበርና አልጠራሁትም። ስለሌላው ጥፋቴ ሁሉ ማመካኛ ሞክሬ አውቃለሁ፤ ለዚህኛው እስካሁን አንድም አላገኘሁለትም።

ሩቁ መንገድ አዋሽ ነበር። የእትዬ አስካለ ልጅ እዚያ ይሠራል፤ የመጀመሪያ የልጅ ልጃቸው ተወልዶ ክርስትና ሊነሣ ነው። የወንድ ልጅ ክርስትና በአርባ ቀኑ ነው፤ አያቱ መንገድ ላይ ቆመዋል ተብሎ ለሌላ ቀን አይተላለፍም። ዲኤክሷ መተሃራን አልፋ ጥቂት እንደሄደች ሞተሯ ተሰበረ። እትዬ አስካለ በነጭ ልብሳቸው ግራር ሥር ተቀምጠው፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ፣ የልጅ ልጃቸው ክርስትና ሲያልፍ ዋሉ። መኪናዋ በጭነት መኪና ተጭና ወደ እኔ መጣች።

ጠዋት ማንም ሳይገባ ኮፈኗን ከፈትኩ። ሞተሯ በአቧራ ተሸፍኗል። ያቺን የጫርኳትን መስመር አየኋት፤ ሁለቱ ግማሾች ተለያይተው ቆመዋል። ያን ጊዜ ነገሩ ሁሉ ገባኝ። ከዚያ ባለ ዐሥራ ሁለቱን ቁልፍ አንሥቼ ቡሎኑን አላላሁና ዲስትሪቡተሩን ወደ መስመሩ መለስኩት። አንድ ደቂቃ አልፈጀብኝም።

የሞተሩን ክዳን፣ ቴስታውን ሳነሣ የሦስተኛው ፒስተን ራስ አይጥ የበላው ዳቦ መስሏል። እትዬ አስካለና ቶሎሳ ሲደርሱ ፒስተኑን በጨርቅ ይዤ ጠበቅኳቸው። የመጀመሪያ ጥያቄዬ የተዘጋጀ ነበር።

‹‹ቶሎሳ፣ ቤንዚን ከየት ቀዳህ?››

‹‹ማደያው ሰልፍ ነበረ። ናዝሬት መውጫ ላይ በጀሪካን ከሚሸጡት አምስት ሊትር ገዛሁ።››

‹‹ይኸው! ላምባ ቀላቅለው ሸጡልህ። ሞተሩን የበላው እሱ ነው።››

‹‹ከዚያ በፊትም እኮ ታቃጭል ነበር ጋሼ። ነግሬዎት…››

‹‹ምን ነገርከኝ?›› አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ።

አየኝ። ከዚያ እትዬ አስካለን አየ። እሳቸው ቁጣ አልነበረባቸውም፤ ይሄ ነው የባሰው። ‹‹ቶሎሳ፣ ከመንገድ ላይ መቅዳትህን ለምን አልነገርከኝም?›› አሉት። ‹‹ቆመን ሰልፉን እንጠብቅ ነበር እኮ። እኔ አምኜህ ነው የተኛሁት።››

‹‹ክርስትናው እንዳያልፍብዎ ብዬ ነው እትዬ። ጥፋቴ ነው›› አለና የመኪናዋን ቁልፍ ከኪሱ አውጥቶ በሁለት እጁ ሰጣቸው። ከዚያ በኋላ መሪ አልያዘም።

ከሄዱ በኋላ ከታንከሯ የቀረውን ቤንዚን ነጭ ጨርቅ ላይ ጠብ አድርጌ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፤ ምናልባት ዕድል ውሸቴን እውነት ታደርግልኝ ይሆናል ብዬ ነው። ጨርቁ ምንም ምልክት ሳይኖርበት ደረቀ።

ጋሽ ቱሉ ከበሩ ተነሥተው በከዘራቸው እየተደገፉ ወደ መኪናዋ መጡ። ለቴስታው ብዬ ካልፈታሁት የሞተሩ ክፍል ሁሉ አቧራ ያልነበረበት አንድ ነገር ነው፤ የዲስትሪቡተሩ ቡሎን። እሱን ለረጅም ጊዜ አዩት።

‹‹ታይሚንጉን አይተኸዋል?›› አሉኝ።

‹‹መስመሩ ላይ ነው ጋሼ።››

‹‹መስመሩ ላይ ነው›› አሉ፤ እኔን ሳያዩ። ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ። ከዚያን ቀን ወዲያ ስለ መኪና አንድ ነገር ጠይቀውኝ አያውቁም፤ ሰላምታቸውን ግን አላጓደሉም። ከሁለት ዓመት በኋላ አረፉ። ቢሰድቡኝ ኖሮ እላለሁ፤ በኦሮምኛ ሰድበውኝ ቢሆን ኖሮ ምናልባት አፌን እከፍት ነበር።

እትዬ አስካለ መኪናዋን ሸጡ። ከሦስት ዓመት በፊት እሳቸውም አረፉ። ቤታቸው ከጋራዡ ዐሥር ደቂቃ የእግር መንገድ ነበር፤ አንድ ቀን ሄጄ እነግራቸዋለሁ እያልኩ ዓመት በዓመት ተካሁ። የሠራሁላቸው ሰዎች ማመስገናቸውን ቀጠሉ፤ እኔም መመስገኔን።

ከሽኝቱ ሳምንት በኋላ የቶሎሳን ቤት አጠያይቄ ሄድኩ። በየካ በኩል፣ ባሕር ዛፉ የሚጀምርበት ዳገት ላይ ነው የሚኖረው፤ ጫካ ጥበቃ ሆኗል። ዳገቱን ሦስት ጊዜ አርፌ ወጣሁት። ቶሎሳ ከሥራ ገብቶ በር ላይ ጫማውን ሲያወልቅ ደረስኩ። ደንግጦ ተነሣና በርጩማ አቀረበልኝ።

‹‹ጋሽ ግርማ! እርስዎ እዚህ ድረስ? ምነው፣ በደህና ነው?››

‹‹በደህና ነው። ስለዚያች ዲኤክስ ልነግርህ ነው የመጣሁት።›› መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ጠፋብኝ። ‹‹ታይሚንጓ ተሳስቶ ነበር። ቤንዚኑ አልነበረም።››

ቶሎሳ አንድ ጫማውን በእጁ እንደያዘ ቀረ። ‹‹ቤንዚኑ አልነበረም?››

‹‹አልነበረም።››

‹‹እትዬ ያውቁ ነበር?››

‹‹ሳልነግራቸው አረፉ።››

‹‹ቀብራቸው ላይ ነበርኩ›› አለ። ‹‹ከሰው ሁሉ ኋላ፣ በሩ ጋ ነው የቆምኩት። ልጃቸው እንዳያየኝ ብዬ አፈር እንኳን አላለበስኩም።››

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። ‹‹ይቅር በለኝ›› ልለው አፌን ስከፍት እሱ ወደ ጓሮ ዞሮ ‹‹ጫልቱ!›› ብሎ ተጣራ። ሚስቱ ልብስ እያጠበች ነበር፤ እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ እየጠረገች መጣች።

‹‹ለእሷም ይንገሯት›› አለኝ። ‹‹እዚህ ቤት ዘጠኝ ዓመት የሚነሣው ይሄው ነው። ልጃችን መንጃ ፈቃድ ላውጣ ስትል እንኳ የአባትሽን አላየሽም ወይ ተብላለች። መጀመሪያ መጀመሪያ እኔም እከራከር ነበር። በኋላ ጆሮዬን ራሱ ተጠራጠርኩት።››

ጫልቱ ፊቴ ቆመች። ‹‹ያቺ መኪና…›› አልኩ፤ ‹‹ታይሚንጓ ተሳስቶ ነበር።››

‹‹ራሱ ነው የተሳሳተው?›› አለች።

ልታሾፍ አይደለም፤ ስለ መኪና ስለማታውቅ ነው የጠየቀችኝ። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ያን ሁሉ ዳገት ወጥቼ፣ አሁንም ጥፋቱን ዕቃው ላይ ላስቀምጥ ነበር።

‹‹እኔ ነኝ ያሳሳትኩት›› አልኳት። ‹‹ባለቤትሽ ድምፁን ሰምቶ መጥቶ ነግሮኝ ነበር። ሰው ፊት ሳቅኩበት። ስትሰበር ማንም ሳያየኝ መልሼ አስተካከልኩትና በእሱ አሳበብኩ። እሱ ምንም አላጠፋም።››

እንድትሰድበኝ ጠበቅኩ። ቶሎሳም አንድ ነገር እንዲለኝ ጠበቅኩ፤ ለዚያ ነበር የመጣሁት። እሱ ግን ወደ እኔ አልዞረም። ጫማውን መሬት አስቀምጦ ሚስቱን ነው ያያት።

‹‹ሰማሽ?›› አላት። ‹‹ታቃጭል ነበር ብዬሽ ነበር እኮ።››